የስህተትና የሀብት አያያዝ በኮምፒውተር ፕሮግራም

የስህተት አያያዝ ማለት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሥራ ላይ እያለ ያልተፈለገ ሁኔታ ሲያጋጥመው ሁኔታውን የሚያውቅበት፣ ለሚመለከተው ክፍል የሚያሳውቅበትና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የሚወስንበት አሠራር ነው። የሀብት አያያዝ ደግሞ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ተበድሮ የሚሠራባቸውን ነገሮች ወስዶ ሲጨርስ የሚመልስበት አሠራር ነው። እነዚህ ሀብቶች ወይም በባለሙያዎች አነጋገር ሪሶርሶች የሚባሉት ማህደረ ትውስታ፣ የተከፈቱ ፋይሎች፣ የኔትወርክና የዳታቤዝ ግንኙነቶች እንዲሁም ሎክ የሚባሉት መቆለፊያዎች ናቸው።

ሁለቱ ርዕሶች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በተለያየ ምዕራፍ ይቀመጣሉ። በተግባር ግን የአንድ ችግር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ስህተት ፕሮግራሙን በመሃል ሲያቋርጠው እስከዚያ ድረስ የተከፈተ፣ የተቆለፈና በግማሽ የተጻፈ ነገር ይኖራል። ስህተቱን ማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው በግማሽ የቀረውን ነገር ማን እንደሚያስተካክለው መወሰኑ ነው።

የስህተት ዓይነቶች

በፕሮግራም ሥራ ላይ «ስህተት» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል።

የመጀመሪያው ከውጭ የሚመጣ ነው። የሚፈለገው ፋይል የለም፣ ኔትወርኩ ተቋርጧል፣ ወይም ተጠቃሚው ዕድሜ በሚጠየቅበት ቦታ ስሙን ጽፏል። ይህ የፕሮግራመሩ ጥፋት አይደለም። ሆኖም እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መልስ ሊዘጋጅለት ይገባል። ሁለተኛው ባግ የሚባለው የፕሮግራመሩ የራሱ ስህተት ነው፤ ለምሳሌ አሥር ነገር ካለበት ዝርዝር ውስጥ አሥራ አንደኛውን መጠየቅ። ለዚህ ትክክለኛው መፍትሔ ኮዱን ማረም እንጂ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግ አይደለም። ሦስተኛው የሀብት ማለቅ ነው፤ ማህደረ ትውስታው ይሞላል፣ ዲስኩ ይሞላል፣ ወይም ስርዓተ ክወናው ተጨማሪ ፋይል መክፈት ይከለክላል። ይህኛው የሚያስቸግረው ስህተቱ የሚታይበት ቦታና የተፈጠረበት ቦታ ስለሚለያዩ ነው።

የሀብት መፍሰስ

ፕሮግራም የወሰደውን ሀብት ሳይመልስ ሲቀር ሀብቱ ፈሰሰ ይባላል። አንድ ድረ ገጽ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ተሠራ እንበል። ይህ ዳታቤዝ ሌላ ካልተነገረው በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ብቻ ነው። ድረ ገጹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግንኙነት ይከፍታል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ይዘጋል። ነገር ግን ከሺህ ጥያቄ በአንዱ ላይ ስህተት ይፈጠርና ፕሮግራሙ የመዝጊያው መስመር ላይ ሳይደርስ ይመለሳል። እያንዳንዱ ስህተት አንድ ግንኙነት ይዞ ይቀራል። ከመቶ ሺህ ያህል ጥያቄ በኋላ መቶውም ግንኙነት ተይዟል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተጠቃሚ ሁሉ «ግንኙነት አልተገኘም» ይባላል።

የመጨረሻው ተጠቃሚ የነካው ኮድ ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው ከቀናት በፊት ሳይታወቅ ያለፈው የስህተት መንገድ ላይ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ ስርዓተ ክወናው የፕሮግራሙን ሀብት በሙሉ ስለሚሰበስብ ችግሩ ይጠፋል፣ ከቀናት በኋላም ተመልሶ ይመጣል። «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ምክሩ ችግሩን ለሌላ ቀን ያሸጋግረዋል እንጂ አይፈታውም።

በቁጥር መመለስና የሲ ቋንቋ

ሲ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ቋንቋ ነው። በሲ ለስህተት የተለየ መሣሪያ የለም። አንድ ፋንክሽን ሥራው እንዳልተሳካ የሚናገረው በሚመልሰው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ 0 ከተመለሰ ተሳክቷል፣ ከዜሮ በታች ከሆነ አልተሳካም ማለት ነው። አሠራሩ ቀላልና ፈጣን ነው። ድክመቱ ጠሪው ቁጥሩን እንዲያይ የሚያስገድደው ነገር አለመኖሩ ነው። ቁጥሩን ሳያይ ቢያልፍ ፕሮግራሙ በሌለ ፋይል ላይ መሥራቱን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ድክመት የሚታየው ብዙ ሀብት ሲያዝ ነው። በአማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ይመስላል፦

ፋይሉን ክፈት፤ ካልተከፈተ ተመለስ
ማህደረ ትውስታ ውሰድ፤ ካልተገኘ ፋይሉን ዝጋና ተመለስ
ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝ፤ ካልተሳካ ማህደረ ትውስታውን መልስ፣ ፋይሉን ዝጋና ተመለስ

ሀብቱ በጨመረ ቁጥር የመመለሻው ዝርዝር ይረዝማል፤ አንዱን መርሳትም ቀላል ይሆናል። ስለዚህ የሲ ፕሮግራመሮች፣ የሊኑክስን ከርነል የሚጽፉትን ጨምሮ፣ የመመለሻውን ሥራ በፋንክሽኑ መጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ይጽፉና ስህተት በተፈጠረ ቁጥር ጎቱ በሚባለው ትእዛዝ ወደዚያ ይዘላሉ። ጎቱን መጠቀም በትምህርት ቤት ቢወገዝም ለዚህ አገልግሎት ግን የሲ ቋንቋ የሚፈቅደው የተሻለው መንገድ ነው።

ይህም አሠራር አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አፕል ለአይፎን አስቸኳይ ማሻሻያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነበር። ስልኩ ከአንድ ድረ ገጽ ጋር በምስጢር ሲገናኝ የድረ ገጹን ፊርማ የሚመረምረው ፋንክሽን ተከታታይ ፍተሻዎች ነበሩት። ከእያንዳንዱ ፍተሻ በታች «ካልተሳካ ወደ መጨረሻው ዝለል» የሚል መስመር ነበር። በአንዱ ቦታ ላይ ይህ የዝለል መስመር ሁለት ጊዜ ተጻፈ። የመጀመሪያው በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ነጻ ስለነበር ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ይዘል ነበር። ዋናው የፊርማ ፍተሻ ከዝላዩ በታች ስለነበር ጭራሽ አይደረስበትም። በመጨረሻው ቦታ ላይ ፋንክሽኑ የያዘውን ማህደረ ትውስታ በሥርዓት ይመልስና የስህተቱን ቁጥር ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ የተሳሳተ ነገር ስላልነበረ ቁጥሩ 0፣ ማለትም «ተሳክቷል» ነው። ሀብቱ በትክክል ተመልሶ ስህተቱ ግን አለፈ። በመካከል ገብቶ ራሱን እንደ ባንክ ድረ ገጽ የሚያቀርብ ሰው ሊታወቅ አይችልም ነበር።

ኤክሴፕሽን

ሌላው መንገድ ስህተቱን ከመደበኛው የሥራ ፍሰት መለየት ነው። ፒኤል ዋን የተባለው የአይቢኤም ቋንቋ በ1960ዎቹ ለዚህ መሣሪያ ነበረው። በ1970ዎቹ ባርባራ ሊስኮቭ በኤምአይቲ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ክሉ የተባለው ቋንቋ ሐሳቡን መልክ ካስያዙት አንዱ ነው። በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫና ፓይተን በሰፊው አስለመዱት።

አሠራሩ በአንድ መሥሪያ ቤት ካለው የጉዳይ ፍሰት ጋር ይመሳሰላል። አንድ ሠራተኛ ከሥልጣኑ በላይ የሆነ ጉዳይ ሲገጥመው ለቅርብ አለቃው ያስተላልፋል፤ አለቃውም መወሰን ካልቻለ ወደ በላይ ይገፋዋል። በፕሮግራምም አንድ ፋንክሽን ችግር ሲገጥመው ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ኤክሴፕሽኑ ከጠሪ ወደ ጠሪ ይወጣል፤ ካች የሚል ክፍል ያለውና የሚቀበለው ፋንክሽን ሲገኝ ይቆማል። ማንም ካልተቀበለው ፕሮግራሙ ይቋረጣል። ከሲ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ችላ የተባለ ስህተት ተደብቆ አይቀርም።

ነገር ግን ኤክሴፕሽኑ ወደ ላይ ሲወጣ በመካከል ያሉትን ፋንክሽኖች በየደረሱበት ያቋርጣቸዋል። ፋይሉን የከፈተው ፋንክሽን የመዝጊያው መስመር ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ጃቫና ፓይተን ያሉት ቋንቋዎች ፋይናሊ የሚል ክፍል ጨመሩ። በፋይናሊ ውስጥ የተጻፈ ኮድ ሥራው ቢሳካም ባይሳካም ይፈጸማል። ይህ ግን ፕሮግራመሩ በእያንዳንዱ ቦታ አስታውሶ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። ማስታወስ ደግሞ የሚታመኑበት መሣሪያ አይደለም።

መዝጋትን ለቋንቋው መተው

የተሻለው መፍትሔ መክፈትና መዝጋትን አንድ ላይ ማሰር ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ፈጣሪ ብያርን ስትሮስትሩፕ የተከተለው መንገድ ሀብቱን ከአንድ ኦብጀክት ዕድሜ ጋር ማቆራኘት ነበር። ኦብጀክቱ ሲፈጠር ፋይሉ ይከፈታል። ኦብጀክቱ የተፈጠረበት ክፍል ሲያልቅ፣ በሰላምም ይለቅ በኤክሴፕሽን፣ ዲስትራክተር የሚባለው ፋንክሽን በራሱ ይጠራና ፋይሉን ይዘጋል። የመዝጊያው ኮድ የሚጻፈው አንድ ጊዜ፣ ኦብጀክቱን በሠራው ሰው ነው፤ ተጠቃሚው ሊረሳው አይችልም።

ፓይተን ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ በ2.5 ቅጂው ዊዝ የሚለውን ቃል፣ ጃቫ ደግሞ በ2011 በሰባተኛው ቅጂው ሀብትን የሚቀበለውን የትራይ ዓይነት ያስገቡት ለዚሁ ነው። በጎ ቋንቋ ዲፈር የሚለው ቃል «ከዚህ ፋንክሽን ስትወጣ ይህን አድርግ» ይላል። ፋይሉን ከከፈቱ በኋላ ወዲያው በሚቀጥለው መስመር ላይ ስለሚጻፍ አንባቢው ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል።

ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነጥብ አለ። ጃቫና ፓይተን የማይፈለግ ማህደረ ትውስታን በራሳቸው የሚሰበስቡ ጋርቤጅ ኮሌክተር ያላቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ ስለዚህ የሀብት ጉዳይ አያሳስብም የሚል ግምት አለ። ጋርቤጅ ኮሌክተር ግን የተሠራው ለማህደረ ትውስታ ነው። ማህደረ ትውስታ ሲያጥር ሥራውን ያፋጥናል፤ የተከፈቱ ፋይሎች ቁጥር ገደቡ ላይ መድረሱን ግን አያይም። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ፕሮግራም ገደቡ ከፍ ካልተደረገ ሊከፍት የሚችለው 1024 ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ባዶ ማህደረ ትውስታ እያለው በዚህ ገደብ ምክንያት ሊቆም ይችላል።

መዝጋት ራሱ ስህተት ሊፈጥር ይችላል። ወደ ፋይል የተጻፈ ጽሑፍ ወዲያው ዲስክ ላይ አይደርስም፤ መጀመሪያ ማህደረ ትውስታ ላይ ይጠራቀማል። ዲስኩ መሙላቱ አንዳንድ ጊዜ የሚታወቀው ፋይሉ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ጠቃሚ መረጃ የሚጽፍ ፕሮግራም መዝጋቱም መሳካቱን ማየት አለበት። መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ቦታ ደግሞ የቆየውን ፋይል በቀጥታ መደምሰስ አይመከርም። አዲሱ ይዘት በሌላ ስም ተጽፎ፣ ዲስክ ላይ መድረሱ ተረጋግጦ፣ በመጨረሻ ስሙ በአሮጌው ፋይል ስም ይቀየራል። መብራቱ በየትኛውም ደቂቃ ቢጠፋ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ፋይል በሙሉ ይገኛል፤ ግማሹ አይገኝም።

ስህተትን እንደ ዋጋ መያዝ

ኤክሴፕሽን አንድ መስመር ሲነበብ ስህተት ሊወረውር መቻሉን አያሳይም። ጃቫ ይህን ለማስተካከል ፕሮግራመሩ አንዳንድ ኤክሴፕሽኖችን ወይ እንዲቀበል ወይ በግልጽ እንዲያሳልፍ አስገደደ። ውጤቱ የተደባለቀ ነው፤ ኮዱ እንዲቀበለው ብቻ ብለው ባዶ ካች የሚጽፉ ሰዎች በዙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ጎ ወደ ሲ መንገድ ተመልሶ ስህተትን እንደ ተራ ዋጋ ከውጤቱ ጋር ጎን ለጎን ይመልሳል። በ2015 የመጀመሪያ ሙሉ ቅጂው የወጣው ረስት ደግሞ ውጤቱንና ስህተቱን ሪዛልት በሚባል አንድ ዕቃ ውስጥ ያሽጋቸዋል፤ ዕቃው ስህተት ይዞ ሊሆን መቻሉ ሳይታሰብበት ውጤቱ ሊወጣ አይችልም። ረስት በዚያው ላይ እያንዳንዱ ሀብት አንድ ባለቤት ብቻ እንዲኖረው ስለሚያስገድድ ባለቤቱ ሲያበቃ ሀብቱ ይመለሳል።

ድምፅ የሌለው ስህተት

ከሚጮህ ስህተት ይልቅ ዝም የሚል ስህተት ይከፋል። ለዚህ የግዕዝ ፊደል ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። የአማርኛ ፊደላት በዩቲኤፍ ኤይት አጻጻፍ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የተለመደ የፓይተን ፕሮግራም አንድን ፋይል ሲከፍት አጻጻፉ ካልተነገረው፣ ኮምፒውተሩ በምዕራብ አውሮፓ ቋንቋ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ፋይሉን በዚያ ሰንጠረዥ ቁጥር 1252 ለማንበብ ይሞክራል። በዚህ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ባይት አንድ ፊደል ነው፤ ጥቂት ባይቶች ግን ምንም ፊደል አልተሰጣቸውም።

ፋይሉ ውስጥ «ሰላም» የሚል ቃል ካለ «ም» ሲነበብ ሦስተኛው ባይቱ ሰንጠረዡ ላይ የለም፤ ፓይተን ኤክሴፕሽን ይወረውርና ፕሮግራሙ ይቆማል። ፋይሉ ውስጥ «ቤት» የሚል ቃል ብቻ ካለ ግን ስድስቱም ባይቶች በሰንጠረዡ ላይ ይገኛሉ። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ ስድስት ባዕድ ምልክቶች ያነብባል፣ ምናልባትም ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የመጀመሪያው ሁኔታ ተጠቃሚውን ያስቆጣል፣ ግን በዚያው ቀን ይታረማል። ሁለተኛው የሚታወቀው ከወራት በኋላ አንድ ሰው የተበላሸውን ዝርዝር ሲያትም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጀማሪዎች ኤክሴፕሽኑን ለማስቀረት ብለው የማይነበቡትን ባይቶች እንዲዘል ያዙታል። ይህ የሚጮኸውን ስህተት ወደ ዝምተኛው መቀየር ነው። ትክክለኛው እርማት ፋይሉ ሲከፈት አጻጻፉ ዩቲኤፍ ኤይት መሆኑን መግለጽ ነው።

በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሳንድራን፣ ኤችቤዝንና ሬዲስን ጨምሮ በአምስት ታላላቅ የመረጃ ሥርዓቶች ላይ የደረሱ 198 ብልሽቶችን መርምረው ነበር። ሥርዓቱን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ተጠቃሚ ከጎዱት ከባድ ብልሽቶች ውስጥ 92 በመቶው የመጡት ፕሮግራሙ በግልጽ የተነገረውንና ራሱ ገዳይ ያልነበረውን ስህተት በተሳሳተ መንገድ በመያዙ ነበር። ከከባዶቹ 35 በመቶው ተራ በሆኑ ጥፋቶች የመጡ ናቸው፦ ባዶ ወይም መልእክት ብቻ የሚጽፍ ካች፣ ስህተቱን ሳይለዩ ሥርዓቱን በሙሉ ማቆም፣ ወይም «ይህ በኋላ ይሠራል» የሚል ማስታወሻ። የስህተት መንገድ በፈተና ጊዜ ብዙም ስለማይሄዱበት ጥፋቱ እስከ እውነተኛው ቀን ድረስ አይታይም።

ውሳኔው የማን ነው?

ስህተት ከተያዘ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሪያን 5 ሮኬት የመጀመሪያ በረራ ይህን በከባድ ዋጋ አሳይቷል። ሮኬቱ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጉያና፣ ከኩሩ ማዕከል፣ ክላስተር የተባሉ አራት ሳተላይቶችን ይዞ ተነሣ። ወደ 37 ሰከንድ ሲጠጋ አቅጣጫውን የሚለኩት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሥራ አቆሙ፤ ወዲያውም ሮኬቱ ከመስመሩ ወጥቶ በአየር ላይ ፈነዳ።

መነሻው አንድ የቁጥር ለውጥ ነበር። ከሮኬቱ አግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ በ64 ቢት የተያዘ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ይቀየር ነበር፤ በ16 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ኮዱ የመጣው ከአሪያን 4 ነው። የዚያ ሮኬት አግድም ፍጥነት ዝቅ ያለ ስለነበር ቁጥሩ ከገደቡ አልፎ አያውቅም። የአሪያን 5 ግን አለፈ፣ ኤክሴፕሽንም ተወረወረ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት አዳ የተባለው ቋንቋ ኤክሴፕሽንን በደንብ የሚይዝ ነው። ለዚህ ዓይነት አደጋ ከተጋለጡት ሰባት ተለዋዋጮች አራቱ ጥበቃ ተደርጎላቸው ነበር። ሦስቱ የተተዉት የኮምፒውተሩ ሥራ ከአቅሙ 80 በመቶ እንዳያልፍ ሲባልና ቁጥራቸው ከገደቡ አያልፍም ተብሎ ስለታመነ ነው።

ይሁን እንጂ ያልተያዘው ኤክሴፕሽን ብቻውን ሮኬቱን አላጠፋውም። ዝርዝር መመሪያው ማንኛውም ኤክሴፕሽን ሲፈጠር ኮምፒውተሩ ብልሽቱን አሳውቆ ራሱን እንዲያጠፋ ያዝዝ ነበር። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ብልሽት የሚመጣው ከዕቃው ስለሆነ መጠባበቂያው ሥራውን ይረከባል የሚል ነው። መጠባበቂያው ግን ያንኑ ሶፍትዌር የያዘ ስለነበር ከዋናው ጥቂት ቀድሞ በዚያው ምክንያት ጠፍቷል። ዋናው ኮምፒውተር የላከውን የብልሽት መልእክት ደግሞ የበረራው ኮምፒውተር እንደ እውነተኛ የአቅጣጫ ቁጥር ተረድቶ የሞተሮቹን አፍ እስከ ዳር አዞራቸው። ያን ቁጥር የሚያሰላው ክፍል ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ በአሪያን 5 ላይ ምንም ጥቅም ያልነበረው መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል። ሳተላይቶቹ እንደገና ተሠርተው የተላኩት በ2000 ነው።

ስፒሪት የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በሀብት ማለቅ፣ ተቸግራለች። ማርስ ላይ ያረፈችው በጃንዋሪ 2004 ሲሆን ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከምድር ጋር የነበራት መደበኛ ግንኙነት ተቋረጠ። በፍላሽ ማከማቻዋ ላይ፣ ከመንገድ ላይ የተጠራቀሙትን ጨምሮ፣ ብዙ ፋይሎች ነበሩ። ስርዓቱ ሲነሣ የፋይሎቹን ማውጫ ወደ ማህደረ ትውስታ ይጭናል፤ ፋይሎቹ በመብዛታቸው ማህደረ ትውስታው አልበቃም። ለዚህ ስህተት የተዘጋጀው መልስ ኮምፒውተሩን ማስነሣት ነበር። ሲነሣ ደግሞ ያንኑ ማውጫ ይጭናል፣ ያንኑ ስህተት ያገኛል፣ እንደገና ይነሣል። ይህ ከ60 ጊዜ በላይ ተደጋገመ፤ ተሽከርካሪዋ መተኛት ስላልቻለችም ባትሪዋ ይወርድ ነበር። መሐንዲሶቹ ያዳኗት ፍላሹን ሳትነካ እንድትነሣ የሚያደርግ ትእዛዝ ስለነበራቸው ነው። ከዚያ ፋይሎቹን ቀነሱ፣ በኋላም ፍላሹን አጽድተው እንደገና አዘጋጁት። ስፒሪት ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሠርታለች።

አጥፍቶ ማስነሣት በራሱ መጥፎ መልስ አይደለም። በስዊድኑ ኤሪክሰን ጆ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ ከ1986 ጀምሮ ለስልክ ማዞሪያዎች ያበለጸጉት ኧርላንግ የተባለ ቋንቋ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በኧርላንግ ፕሮግራሙ በብዙ ሺህ ትናንሽ ፕሮሰሶች ይከፈላል፤ አንዱ ስህተት ሲገጥመው ለማስተካከል ሳይሞክር ይወድቃል፣ የበላይ ተቆጣጣሪው ደግሞ አዲስ ያስነሣል። ዋትስአፕ ሰርቨሮቹን የሠራው በዚህ ቋንቋ ነው። ከስፒሪት ሁኔታ የሚለየው ተቆጣጣሪው ገደብ ያለው መሆኑ ነው። በነባሪው በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ1 ጊዜ በላይ ማስነሣት ካስፈለገ ማስነሣት እንደማይፈታው ተቆጥሮ ተቆጣጣሪው ራሱ ይወድቃል፣ ጉዳዩም ወደ በላዩ ይተላለፋል።

ውጤቱ የማይታወቅ ስህተት

እስካሁን በተጠቀሱት ሁኔታዎች ሥራው ወይ ተሳክቷል ወይ አልተሳካም። በኔትወርክ ላይ ግን ሦስተኛ መልስ አለ። አንድ ሰው በስልኩ 1,000 ብር ለዘመዱ ላከ እንበል። ጥያቄው ወጣ፤ መልስ ሳይመጣ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጥያቄው ባንኩ ሳይደርስ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደርሶ ገንዘቡ ተላልፎ መልሱ ብቻ በመንገድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም።

በባንኩ ውስጥ ያለው ክፍል በዳታቤዝ ትራንዛክሽን ይፈታል። ከአንዱ ሂሳብ መቀነስና በሌላው ላይ መጨመር እንደ አንድ ሥራ ይታሰራሉ፤ በመሃል ብልሽት ቢፈጠር ዳታቤዙ የጀመረውን ሰርዞ ወደነበረበት ይመልሳል። ትራንዛክሽኑ ግን በስልኩና በባንኩ መካከል ያለውን ክፍተት አይሸፍንም። በዚህ ሁኔታ «ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚለው የተለመደ መልእክት ጎጂ ነው። የሚታዘዝ ተጠቃሚ ሁለት ጊዜ 1,000 ብር ሊልክ ይችላል። እውነቱን የሚናገር መልእክት «ጥያቄዎ መፈጸሙ አልተረጋገጠም፤ ሂሳብዎን ሳያዩ እንደገና አይላኩ» የሚለው ነው።

ከመልእክት በላይ የሚሠራው ዘዴ ለእያንዳንዱ ዝውውር ልዩ ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ስልኩ ሲሆን፣ ጥያቄው ስንት ጊዜ ቢደጋገም ቁጥሩ አይቀየርም። ባንኩ የፈጸማቸውን ቁጥሮች ከዝውውሩ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ይመዘግባል፤ የሚያውቀው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ገንዘብ ሳያንቀሳቅስ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ ስልኩ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ያለ ስጋት ደጋግሞ ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት በስልኩ ማከማቻ ላይ መጻፍ አለበት። ማህደረ ትውስታ ላይ ብቻ ከተያዘና ባትሪው በመሃል ካለቀ፣ ስልኩ ሲበራ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ ባንኩም አዲስ ዝውውር ነው ብሎ ይቀበለዋል።